ዋልያዎቹን እንደግፋለን፤ ዋልያን ግን አላየነውም

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ብሔራዊ ቡድናችን "ዋልያዎቹ" ይባላል። ሲያሸንፍ እንጨፍራለን፤ ሲሸነፍ እርስ በርሳችን እንጽናናለን። ማልያውን የለበሰው፣ ስሙን እየጠራ የሚጮኸው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም። ከዚህ ሁሉ ሰው ዋልያን በዐይኑ ያየ ስንት አለ? በቴሌቪዥን ወይም በቢራ ጠርሙስ ላይ ማለቴ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ገደል አፋፍ ቆሞ ያየ ማለቴ ነው።

የ10 ሳንቲሟንም አስታውሱ። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ከረሜላ የገዛንባት ናት። በአንድ ፊቷ አንበሳ፣ በሌላው ቀንዱ የተጠማዘዘ የዱር እንስሳ ነበረባት። እንስሳው የደጋ አጋዘን ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ያውም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉ ጥቂት ተራሮች ላይ ብቻ። በኪሳችን ይዘነው አደግን፤ ምን እንደሆነ ግን የጠየቅን ጥቂት ነን።

ሐሳቤ ይኸው ነው። ሰው ያላየውን ነገር አይሳሳለትም። ያልሳሳለትን ደግሞ ሲጠፋ "አይ፣ ያሳዝናል" ብሎ ያልፈዋል። የዱር እንስሶቻችንን ለማዳን አዋጅም፣ ጠባቂም፣ የውጭ እርዳታም ያስፈልጋል፤ ይሁንና ከሁሉ በፊት የጎደለው የእኛ የራሳችን ጉብኝት ነው። ፓርኮቻችን ለፈረንጅ የተሠሩ፣ እኛ ደግሞ በሩ ላይ የምናልፍ መንገደኞች ሆነን ቀርተናል።

ዶክመንተሪ የሚወድ ሰው ጋላፓጎስን ያውቃል። ከኢኳዶር ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው በውቅያኖስ መሀል ያሉ ደሴቶች ናቸው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 የረገጣቸው፣ ግዙፍ ዔሊዎች፣ ባሕር ውስጥ ጠልቆ የሚግጥ እንሽላሊት፣ ከሌላ ቦታ የማይገኙ ወፎች ያሉባቸው። የዓለም ሀብታም ሁሉ ከመሞቱ በፊት ሊያያቸው ይመኛል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያውን የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፍት የሰፈሩት ቦታዎች 12 ብቻ ነበሩ። ጋላፓጎስ አንዱ ነው። ከ12ቱ ሁለቱ ደግሞ የእኛ ናቸው፦ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ከጋላፓጎስ እኩል ተጻፍን። ላሊበላን ሕዝባችን በእግሩ፣ በአውቶቡሱ፣ ለገና ጭምር ይሳለመዋል። ሰሜን ተራሮችን ግን አብዛኛው ሰው በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቀው።

"እነሱ ደሴት አላቸው፤ የእኛ ተራራ ነው" የሚል ካለ፣ የእኛም ደሴት ነው እላለሁ። ደሴት ማለት በውኃ የተከበበ መሬት ብቻ አይደለም። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መሬት አብዛኛው ያለው በኢትዮጵያ ነው። ድሮ፣ በበረዶው ዘመን፣ ይህ ብርዳማ መሬት ሰፊና የተያያዘ ነበር። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ብርዱን የለመደው ሣርና እንስሳ ወደ ተራራ አናት እየሸሸ ወጣ። ዛሬ በአናቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዙሪያውን የከበበው ባሕር አይደለም፤ ቆላና እርሻ ነው። የሰሜን ቀይ ቀበሮ የባሌውን ሄዶ ሊጠይቀው አይችልም፤ በመሀላቸው ያለው የገብስና የጤፍ ማሳ፣ መንደርና ውሻ ለእሱ ውቅያኖስ ነው።

ቀይ ቀበሮ ካልኩ አይቀር፣ ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ዝምድናው ከተኩላ ጋር ነው። የቅርብ ዘመዶቹ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካም ይገኛሉ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ወደ 500 ገደማ ናቸው። በአንድ የአያት ኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ከሚኖረው ሰው እንኳ ያንሳሉ። ከግማሽ በላዩ በባሌ ተራሮች ላይ ነው።

ባሌን ጥቂት ልዘርዝርላችሁ፤ ምክንያቱም ለዚህ ጽሑፍ ከባሌ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ከአዳባ ወደ ዲንሾ ስትጠጉ መንገዱ ገይሳይ የሚባል ሜዳ ያቋርጣል። የ10 ሳንቲሟ አጋዘን እዚያ ነው የሚግጠው፤ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ነው፤ በዙሪያው የጽድና የኮሶ ዛፍ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ በጥላው ሥር ይዘዋወራል። ከጎባ ወደ ላይ ስትወጡ ሳነቴ ነው፤ 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ አምባ፣ ጅባራው እንደ ሰው ቆሞ የሚጠብቃችሁ። በአገራችን ከፍታ ሁለተኛ ተብሎ የሚቆጠረው ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር፣ ከዚሁ ነው። መሬቱ ሥር ግዙፉ ፍልፈል ይቆፍራል፤ ባሌ ብቻ የሚገኝ ነው። ጭንቅላቱን ብቅ ሲያደርግ ቀይ ቀበሮው መሬት ላይ ተለጥፎ ይጠብቀዋል።

ከሳነቴ ጫፍ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ጭጋግ የለበሰ ጥቅጥቅ ደን። ይህ ሐረና ነው። በአገሪቱ ከቀሩት ትልልቅ የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳ አለበት። ቀርከሃ የሚበላው የባሌ ጦጣ አለበት። የሰው እጅ ያልተከለው ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ የሪራና የአካባቢው ሰው ይለቅመዋል። ብርድ ካንቀጠቀጣችሁ አምባ እስከ ሞቃታማው የቡና ደን ያለው መንገድ በመኪና የሰዓታት ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ይህን ለማየት ውቅያኖስ ይሻገራሉ። በመስከረም 2016 ዓ.ም ባሌም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ሮቤ በሕዝብ አውቶቡስ ስጓዝ ገይሳይ ላይ ደረስን። ጠዋት ነበር። አጋዘኖቹ መንገዱ ዳር ናቸው፤ ወንዱ ቀንዱን ቀና አድርጎ አውቶቡሱን ያየዋል። አውቶቡሱ ውስጥ ፊልም ተከፍቷል። ግማሹ ሰው ተኝቷል፤ ግማሹ ስልኩን ይነካካል። አጠገቤ የተቀመጡ የአካባቢው ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ስንጠራራ አይተው ሳቁና፣ "ልጄ፣ ፈረንጁ ይህን ሊያይ ከአገሩ ይመጣል። የእኛ ሰው ደግሞ ፀሐይ መታኝ ብሎ መጋረጃ ይዘጋል" አሉኝ። "አባባ፣ እርስዎስ ያዩታል?" አልኳቸው። "እኔማ ከብቶቼ ከእነሱ ጋር ነው የሚግጡት። ጎረቤቴ ናቸው፤ ጎረቤት ደግሞ አንዳንዴ ያጣላል" አሉ። ጎረቤቴ ናቸው ሲሉ በፍቅርም በምሬትም ነበር።

ችግሩን ሽማግሌው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከተሜው መጋረጃ ይዘጋል፤ ገጠሬው ብቻውን ከእንስሳው ጋር ይጣላል። በመሀል ፓርኩ ባለቤት አጣ።

የመግቢያ ዋጋው ውድ ሆኖ ነው እንዳንል፣ ለዜጋ የሚጠየቀው ከውጭ ጎብኚ በእጅጉ ያነሰ ነው። የሚያስቀረን ሌላው ወጪ ነው። መኪና ተከራይቶ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሎጅ ይዞ፣ አስጎብኚ ከፍሎ መሄድ ለደመወዝተኛ የሚታሰብ አይደለም። አሠራሩ በሙሉ አራት ጎማ መኪና ይዞ ለሚመጣ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። አውቶቡስ ላይ የተቀመጠው ሰው አጋዘኑን በነፃ ያየዋል፤ ወርዶ እንዲጠጋው የሚጋብዘው ግን የለም።

እዚህ ላይ ጋላፓጎስን እንደገና ልጥራ። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የደሴቶቹን መግቢያ ለውጭ ጎብኚ 200 ዶላር፣ ለራሷ ዜጋ 30 ዶላር አድርጋለች። ዜጋ የራሱን ሀብት በሌላ ዋጋ ያያል ማለት ነው። ከደሴቶቹ መሬት 97 በመቶ ያህሉ ፓርክ ነው፤ በአብዛኛው ቦታ ያለ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መዞር አይቻልም፤ ከመንገዱ መውጣት፣ እንስሳውን መንካትና መመገብ ክልክል ነው። ሕጉ ቀላል የሆነው ልምዱ መራራ ስለነበር ነው። ጎብኚው ሲበዛ፣ ከሰው ጋር የገቡ ባዕድ እንስሳትና ተክሎች ሲስፋፉ፣ ጋላፓጎስ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ተመድቦ ነበር። የእኛው ሰሜን ተራሮችም ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በዚያው መዝገብ ላይ ቆይቷል። እነሱ ጎብኚ በዝቶባቸው፣ እኛ ግጦሽና እርሻ በዝቶብን።

ይህን የማነሣው የመጀመሪያውን ተቃውሞ ለመመለስ ነው። "ሰው ባይሄድ አይሻልም? ሰዉ ስፒከር ይዞ ይሄዳል፣ ፕላስቲክ ይጥላል፣ እንስሳውን ያስደነግጣል" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ስጋታቸው እውነት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚዝናናው ሰው ጥሎት የሚመለሰውን የውኃ ጠርሙስ ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን እንስሶቹ አሁን በሰላም ተቀምጠዋል ብላችሁ አታስቡ። ሳነቴን መኪና ያቋርጠዋል። ፓርኩ ውስጥ መንደር አለ፣ ከብት አለ፣ ከብቱን የሚጠብቅ ውሻ አለ። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ሲይዘው ቀበሮውን ነክሶ ያስተላልፍበታል። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በባሌ ወረርሽኝ ተነሥቶ መንጋ መንጋውን ጨርሷል። በአንድ ክረምት የሚሞተው በዓመታት አይተካም። ስንቶቻችን ዜናውን ሰምተናል? አንዱ ታዋቂ ሰው ጉንፋን ቢይዘው ቻናላችን ይጨናነቃል። የአገራችን ብርቅዬ እንስሳ በወር ውስጥ ሲያልቅ ግን ዝም ነበር።

ያዳኑት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከመንግሥት ጋር እየሠራ፣ የአካባቢው ወጣቶች በፈረስ እየዞሩ የገጠሩን ውሻ ያስከትባሉ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ደብቀው ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ያበላሉ። ቀዝቃዛ ሌሊት፣ 4,000 ሜትር ላይ። እነዚህ ልጆች ጀግና ካልተባሉ ማን ይባል? ግን ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሥራቸውን ሄዶ ያየ ሰው የለማ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው። "ሕዝብ ተርቦ፣ ተፈናቅሎ፣ የምን ቀበሮ?" እኔም ስለ ተፈናቃይ ስጽፍ የኖርኩ ነኝ፤ ጥያቄውን አልንቀውም። መልሴ ውኃ ነው። ከባሌ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች፣ ዋቢ ሸበሌን፣ ገናሌንና ወይብን ጨምሮ፣ ወደ ሶማሌ ክልል፣ ወደ ሶማሊያና ወደ ኬንያ ጠረፍ ይወርዳሉ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ቆላ ላይ ያለ ሰውና ከብት ከዚያ ይጠጣል። ደኑ ሲመነጠር፣ የአምባው ረግረግ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚጠማው የጎዴ አርብቶ አደር ነው። ቀበሮው የሚኖርበት ሣርና ረግረግ ውኃውን የሚይዘው ያው ሣርና ረግረግ ነው። አንዱን ጠብቀን ሌላውን መጣል አንችልም።

ሦስተኛው ጸጥታ ነው። እዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በሰሜን፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ደባርቅ ላይ በቅሎ የሚያከራየውን፣ ምግብ የሚያበስለውን፣ መንገድ የሚመራውን ሰው ሥራ ፈት አድርጎታል። ቱሪስት ከቀረ ጥበቃውም ይላላል፤ ረሃብ ሲመጣ መሣሪያ በየቤቱ አለ፣ ዋልያ ደግሞ ሥጋ ነው። ዋልያው የቀረው በጥቂት መቶዎች ነው። ስለ ሰላም በምንነጋገርበት ጠረጴዛ ላይ የእሱም ዕጣ አለ ለማለት ብቻ ነው የማነሣው። ዛሬ መሄድ በማይቻልበት ቦታ ማንም ይሂድ አልልም።

ነገር ግን መሄድ የሚቻልበት ቦታ አለ፤ ሄደው የጠበቁትም አሉ።

መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለበት። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል (በፖለቲካው ከምናውቀው ቃል ጋር እንዳይምታታባችሁ)። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ጊዜው ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። ቆይቶ ግን ነዋሪው በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ የማኅበረሰቡ የሆነ የእንግዳ ማረፊያም አለው። ጓሳ ላይ ቀበሮ የተረፈው የፈረንጅ ፓርክ ስለሆነ አይደለም። ሣሩ የእኔ ነው የሚል ሰው ስላለ ነው። ከአዲስ አበባም የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ደቡብ ጎንደርም ሌላ ምሳሌ አለ። ከሰማይ ሲታይ ቡናማ በሆነው መሬት ላይ ጠብ ጠብ ያለ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በ"እመጓ" መጽሐፉ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ሲሆን እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ከብት እንዳይገባ ካህናቱና ምእመኑ ዙሪያውን በድንጋይ አጥረዋል። ደኑ የቀረው ሰው በየሳምንቱ ስለሚመጣ ነው። የሚሳለመው ቦታ ነውና ማንም መጥረቢያ ይዞ አይገባም።

ይህን ለማየት ጎንደር መሄድም አያስፈልግም። የባቡሩ መስመር ማብቂያ ከሆነችው ከእኛዋ አያት ቀና ብትሉ የየካና የእንጦጦ ጋራ አለ። አረንጓዴ ነው፤ አብዛኛው ግን ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከተማው እንጨት ሲያልቅበት ከአውስትራሊያ የመጣ። አገር በቀሉን ጽድ ፈልጉ ብትባሉ የምታገኙት በአብዛኛው በአጥቢያዎቹ ቅጥር ነው፤ በየካው ዋሻ ሚካኤል ዙሪያም። ማለዳ ከኮንዶሚኒየሙ በላይ እየጮኸ የሚያልፈውን፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልመም ያለውን፣ አገጩ ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበትን ትልቅ ወፍ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የለም። የወፍ ተመልካቾች ይህን ድምፅ ለመስማት ትኬት ቆርጠው ይመጣሉ። እኛ "ይህ ወፍ እንቅልፍ ነሣን" እንላለን።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ሲከፈት ሰዉ ጎረፈ። መንገድና መጓጓዣ ከተዘጋጀ ከተሜው ለመሄድ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ፎቶ አንሥተን፣ ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። እሰየው። ቀጣዩ ደረጃ ግን ከጭንቅላታችን በላይ የተቀመጠውን፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን ትልቅ ቁራ ስሙንና አገሩን ማወቅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አራት ነገር እላለሁ።

1ኛ. እያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ጊዜ በአቅራቢያው ያለውን ፓርክ ወይም ጥብቅ ደን ይይ። የአዲስ አበባ ልጅ ባሌ መሄድ ባይችል መናገሻ ሱባ አለለት፤ የንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራበት፣ ጽዱና ጉሬዛው ያለበት፣ በጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስበት። የምረቃ ጋውን ኪራይ ከሚያወጣው ብዙ አይበልጥም።

2ኛ. ፓርኮቻችን በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ይሠሩ። ዲንሾ በር ላይ የሚወርድ መንገደኛ በእግሩ ሁለት ሰዓት ተመርቶ፣ ርካሽ አልጋ አግኝቶ፣ በማግስቱ ጉዞውን የሚቀጥልበት አሠራር ይኑር። ትልልቅ ሎጆች እየተሠሩ ነው፤ መልካም። ደመወዝተኛው ግን እዚያ አያድርም።

3ኛ. ሕጉ ይጥበቅ። ያለ አስጎብኚ አይገባም፤ ስፒከር የለም፤ ውሻ የለም፤ ምግብ መወርወር የለም፤ ይዞት የገባውን ፕላስቲክ ይዞ ይወጣል። ጋላፓጎስ የተማረውን እኛ ሳይጎዳን እንማር።

4ኛ. ብሩ እዚያው ይቅር። ከብቱ ከአጋዘኑ ጋር የሚግጠው ሽማግሌ ከጎብኚው ምንም ካላገኘ አጋዘኑ ለእሱ የመንግሥት ከብት ነው። ልጁ አስጎብኚ ከሆነ፣ ማሩና ቡናው ከተሸጠለት፣ ጠቡ ይበርዳል።

ከአራቱ የመጀመሪያውን ለመጀመር የማንንም ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም። ዕድርተኛ ናችሁ፣ የወላጅ ኮሚቴ ናችሁ፣ የቢሮ ባልደረቦች ናችሁ። ለሠርግና ለንግሥ አውቶቡስ እንከራያለን፤ ገንዘብ አዋጥተን፣ ዳቦ ደፍተን፣ ሕፃን አዝለን እንሄዳለን። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ጉዞ ሌላ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ከዓመቱ ጉዞዎች አንዷን ወደ ደን አድርጓት። ልጆቹን ከፊት አስቀምጧቸው፤ መጋረጃውን ክፈቱላቸው።

ሄዳችሁ ያያችሁ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ የት፣ በምን መጓጓዣ፣ በስንት ብር እንደሄዳችሁ ጻፉልን። ለሌላው መንገድ ይሆነዋል።

ቸር ያሰማን።